የእድሩ መዝገብ፦ አራት ቀን በአዳማ ባቡር ጣቢያ ሰፈር

ዓርብ

አክስቴ ማክሰኞ ማታ ደውላ «የእድራችን መዝገብ ብል በልቶት ገጹ እየተበጣጠሰ ነው። አንተ ጽሕፈትህ ያምራል፤ እባክህ መጥተህ ወደ አዲሱ ገልብጥልን» አለችኝ። እሷን እምቢ አልላትም። ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ክረምት ክረምቱን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያሳደገችኝም አዳማ መሐል ከተማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ሰፈር ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «አዳማ! አዳማ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ግን ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ናዝሬት እየመጣሁ ነው ልጄ» ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አዳማ የሚለው ስም በኦሮምኛ «አዳሚ» ከሚባለው የቁልቋል ዛፍ የመጣ ነው። ናዝሬትን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ በ1992 ዓ.ም. ቀደምት ስሟ ሕጋዊ ስሟ ሆኖ ተመለሰ። በአክስቴ ግቢ ሁለቱም ስሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲነገሩ እሰማለሁ፤ አንዱ ሌላውን ሲያርም ግን ሰምቼ አላውቅም።

የፍጥነት መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ይህ ጉዞ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል፣ በከባድ መኪና ጭስ ውስጥ የሚታለፍ ነበር። አሁን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የክፍያ መንገድ አንዴ ከያዙ አዳማ ቅርብ ናት። ፍጥነቱን እወደዋለሁ። የሚቆጨኝ በመስኮት የሚገባው ብርቱካን መቅረቱ ነው። በልጅነቴ አዳማ የምትጀምርልኝ ሞጆ ላይ፣ እጄ ያ ብርቱካን ሲነካው ነበር።

ከተማዋ ሳትታይ ነፋሷ ይታያል። ኮረብቶቹ ላይ ነጫጭ ተርባይኖች ይሽከረከራሉ፤ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው 102 የተተከሉ ሲሆን በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይኸው ነፋስ በእኛ ጊዜ ቆርቆሮ ይገነጥል፣ የተሰጣ በርበሬ ይበትን፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ ይሞጅር ነበር። አክስቴ ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያው ላይ ድንጋይ ታስጨምረኝ ነበር። ዛሬም ስደርስ ድንጋዮቹ እንደተደረደሩ ናቸው።

ሰፈሩ ትንሽ ነው። ከዳር እስከ ዳር በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ ወገን አሮጌው ሐዲድ አለ፤ በየቦታው አፈር ውጦታል፣ በየቦታው ደግሞ ላዩ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም መደብ ተዘርግቶበታል። በሌላው ወገን ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴሎቹ ተሰልፈዋል፤ አዳማ የስብሰባ ከተማ ናትና ዓመቱን ሙሉ ባለ ባጅ እንግዶች ይመላለሱባቸዋል። መሐል ላይ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ የባጃጅ ጎማ የሚለጥፍ ልጅ፣ በየአጥሩ ሥር ደግሞ የጀበና ቡና። ከስብሰባ አዳራሹ እስከ አክስቴ በር መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ከአዳራሹ የሚወጣ ሰው ግን ወደዚህ ሲታጠፍ አላየሁም።

እንደደረስኩ ጭኮ በሳህን፣ ውኃ በብርጭቆ ቀረበልኝ። «ጠጣ፣ የአዋሽ ነው» አለችኝ። አሁንም እንዲህ ማለቷ ገረመኝ፤ ምክንያቱ ግን ይገባኛል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በጉድጓድ ውኃ ያደገ የዚህ አካባቢ ሰው ጥርሱ ላይ ቡናማ ቀለም አለ፤ አክስቴም ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍነው ለዚህ ነው። ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣው ውኃ ከገባ ወዲህ የተወለዱት የግቢው ልጆች አፋቸውን ሳይሸፍኑ ይስቃሉ።

ቅዳሜ

መዝገቦቹ ሦስት ናቸው። አክስቴ በቆርቆሮ ሳጥን አምጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠቻቸው። የመጀመሪያው ጥቁር ልባጥ ያለው፣ ማኅተሙ «ናዝሬት» የሚል። ሁለተኛው ቀይ። ሦስተኛው የተማሪ ደብተር ተሰፍቶ የተሠራ፣ ማኅተሙ «አዳማ» የሚል። ገጹ በአምስት ተከፍሏል፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ሥራ፣ መዋጮ። እስከ ምሳ ድረስ ከጥቁሩ መዝገብ ቀና አላልኩም። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፤ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሥራቸውን ግን መናገር እፈልጋለሁ፤ የሰፈሩን ታሪክ በዚያ ዓምድ አነበብኩት።

በጥቁሩ መዝገብ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው የባቡር ሥራ ነው። ሐዲድ ጠጋኝ። ትኬት ቆራጭ። ዕቃ አውራጅ። ፍሬን ያዥ። የጣቢያ ዘበኛ። መሐል መሐል ላይ «ነጋዴ» እና «ሻይ ቤት»። ስሞቹ ደግሞ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ጉራጌ፣ ትግሬ፣ ሶማሌ፣ ሐረሪ መሆናቸውን ይናገራሉ፤ ሁለት የመናውያንም አሉ። ማንም አቅዶ ሰብስቦ አላመጣቸውም፤ ሐዲዱ ነው ያመጣቸው። ከጅቡቲ የተነሳው መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ አዳማም ከተማ ሆና ያደገችው ከዚህ መስመር ጋር ነው። ባቡር በሚቆምበት ቦታ ሰው ይወርዳል። የወረደው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ዕቃው ጠባቂ ይፈልጋል። እናም እንቁላል ቀቃይዋ፣ ተሸካሚው፣ አልጋ አከራይዋ ከሐዲዱ አጠገብ ቤት ሠሩ።

ከጥቁሩ መዝገብ ወደ ቀዩ ስሻገር የቤት ቁጥሩ ዓምድ በሙሉ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። ዘመኑን ሳይ ገባኝ። ሐምሌ 1967 ላይ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ያን ጊዜ አክስቴ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ የተከራየው ሁለት ክፍል ቤት የግለሰብ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት የቀበሌ ሆነ። አከራያቸው የነበሩት ሴትዮም በአንዷ ክፍል ቀርተው የዚያው ግቢ ተከራይ ሆኑ። «ጠሏችሁ?» አልኳት። «ለምን ይጠሉናል? ሲሞቱ የቀበርናቸው እኛ አይደለን?» አለችኝ፤ መዝገቡን ገልጣም ገጹን አሳየችኝ። ሙሉ መዋጮ ተከፍሏል፤ ድንኳን ሦስት ቀን ቆሟል።

ያ ቤት ዛሬም የቀበሌ ነው። ኪራዩ ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ያንሳል፤ ስለዚህ ማንም አይለቀውም። የራሱ ስላልሆነ ደግሞ ማንም ግድግዳውን አፍርሶ አይሠራውም። ስድስት በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት። በክረምት ከዙሪያ ኮረብቶቹ የሚወርደው ጎርፍ በሩ ድረስ ይመጣል፤ ከተማዋ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ናትና። ሰፈሩን የሚጠየፉ ሰዎች ስለ ቆሻሻው ሲያወሩ ይህን ሁሉ አያነሱም፤ እኔን ያናድደኛል። አክስቴ በየጠዋቱ ደጇን የምትጠርገው የእኔ ልትለው የማትችለውን መሬት ነው።

ከሰዓት በኋላ ፍሬን ያዥ የነበሩ አዛውንት ሊጠይቁኝ መጡ። ሰማንያን ተሻግረዋል። «አካም ኦልታን፣ አባ» ብዬ ተነሳሁ፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። «ኧረ ናጋ! ተቀመጥ፣ ተቀመጥ የኔ ልጅ፣ ሥራህን አታቋርጥ» አሉ፤ እሳቸው ግን ሥራዬን እንዳቋርጥ እንደሚፈልጉ ያስታውቅ ነበር፤ እኔም አቋረጥኩ።

ዕቃ ጫኝ ባቡር ላይ ነው የሠሩት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ለመያዝ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይዘሉ እንደነበር፣ ሌሊት ብርዱን ለመርሳት የጣቢያዎቹን ስም በቃላቸው ይደጋግሙ እንደነበር አጫወቱኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ዛሬም አሉት፦ «ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ።» ድምፃቸው በየስሙ መሐል ትንሽ ዝም ይላል፤ ባቡሩ የሚቆምበትን ያህል መሰለኝ። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ሲፋፋም ድልድዮች ፈነዱና መስመሩ ተቋረጠ። ሰፈሩ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታን ሰማ። «ሕፃናቱ እንቅልፍ እምቢ አሏቸው፤ ፉጨቱን ለምደው» አሉኝ።

ቀዩ መዝገብ ላይ አንድ ገጽ አለ። ጥር 1977። እስከዚያ ድረስ የኀዘን ዝርዝሩ በወር አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው፤ እዚህ ግን መስመሮቹ ተከታትለው የተጻፉ ናቸው። ጥር 5 ቀን ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ፈጣን ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድይ ላይ ካለው መታጠፊያ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ። ከ400 ሰው በላይ አለቀ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። ገጹን ሳሳያቸው አዛውንቱ መነጽር አላደረጉም። ጣታቸውን መስመር በመስመር አወረዱና አንዱ ላይ ቆሙ። «ይህቺ ልጅ ለሠርጓ ጨርቅ ልትገዛ ሄዳ ነበር» አሉ። ከዚያ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ አልተነጋገርንም።

ያን ገጽ ቀስ ብዬ ነው የገለበጥኩት። ሌላ ነገር ላደርግላቸው አልችልምና ፊደሎቹን እንዲያምሩ አድርጌ ጻፍኩ።

እሑድ

የእድሩ ስብሰባ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአራት ሰዓት፣ አንድ ጓሮ ውስጥ ነው። የእድሩ ወንበሮች እዚያው ይቀመጣሉ፤ ድስቶቹ፣ ድንኳኑና ትልልቅ ጎላዎቹም። ነጠላ የለበሱት ከቤተ ክርስቲያን መጡ፤ ኮፍያ ያደረጉት ሽማግሌዎችም ገቡ። ከአዳራሽ የመጡ ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች ትንሽ ዘገዩ፤ ዳኛው ሳይጀምር ጠበቃቸው። ጥሩምባ የሚነፋው ሰውዬ ከሞተ ወዲህ ጥሪው በስልክ ሆኗል፤ ጥሩምባው ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ደብተር የመሰለውን ሦስተኛውን መዝገብ ጉልበቴ ላይ ይዤ ነበር። ባቡሩ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጨርሶ ከቆመ በኋላ የተጻፈ ነው፤ የሥራ ዓምዱም ሌላ ሆኗል። ጡረተኛ፣ ጡረተኛ፣ ጡረተኛ። ባጃጅ ሹፌር። የሆቴል አልጋ አንጣፊ። አትክልት ነጋዴ። ግንበኛ። ልጇ ከአረብ አገር ገንዘብ የምትልክላት እናት፤ እዚያ ዓምድ ላይ ጸሐፊው «ልጅ አላት» ብቻ ብሏል። ባቡር የሚለው ቃል ከሥራ ዓምድ ጠፍቷል፤ የሰፈሩ መጠሪያ ሆኖ ብቻ ቀርቷል።

የዕለቱ አጀንዳ ተከራዮች ናቸው። ከተማዋ በፍጥነት ሞልታለች፤ በ1987ቱ ቆጠራ 127,842 የነበረው ሕዝብ በ1999ኙ 220,212 ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሰው ብዛት በዓይን ይታያል። በየግቢው የቀበሌ ቤት የያዙ ሰዎች ከጓሯቸው አንዲት ክፍል ቆርቆሮ ቀጥለው ያከራያሉ። እዚያ የሚኖሩት የሆቴል ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ጥያቄው አንድ ነው፦ እድር ይግቡ ወይስ አይግቡ?

አንድ የተከበሩ ሰው ተነስተው ሥጋታቸውን ተናገሩ። «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። እኛ ሃምሳ ዓመት ያዋጣነውን ገንዘብ አንድ ወር ከፍሎ ቢያነሳው መዝገቡ ባዶ ይቀራል።» ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሥጋቱን አልናቅሁትም፤ እድር የሚቆመው በመዋጮ ነው፣ ብዙ ቦታም በዚህ ምክንያት ፈርሷል።

አክስቴ በስብሰባ ላይ አትናገርም ነበር። ተነሳች። «ባለፈው ሐምሌ፣ ከጀርባዬ ካለችው ክፍል የምትኖረው ልጅ ልጇ ሞተባት» አለች። «መዝገብ ላይ የለችም ተብሎ ድንኳን አልወጣም። ጎላም አልተሰጠም። እኔና ሁለት ሴቶች ከየቤታችን ድስት አውጥተን ቡና አፈላንላት። የቀብሩን መኪና ባጃጆቹ ተባብረው ከፈሉ። በዚህ ሰፈር እንግዳ ሆኖ ያልመጣ ማን አለ? ጥቁሩን መዝገብ ይህ ልጅ ያንብብላችሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩና ስሞቹን ትቼ ከስማቸው ጎን በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበብኩ። ያን ጸሐፊ፣ ማንም ይሁን፣ እግዜር ነፍሱን ይማረው፤ እያንዳንዱ ሰው የመጣበትን አገር መዝግቦ ነበር። ከሐረር። ከጉራጌ አገር። ከአርሲ። ከትግራይ። ከድሬዳዋ። ከመንዝ። ከየመን። ከዚሁ፣ ከአዳማ፣ የሚል የገጠመኝ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቀድሞ የተናገሩት ሰውዬ እጃቸውን አነሱ። «ይበቃል» አሉ፤ «የአባቴን አለፍከው። ከሐረር የሚለው እሱ ነው።»

ሁለት ሰዓት ያህል ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ተከራይ ስድስት ወር ካዋጣ ሙሉ አባል እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት ኀዘን ቢደርስበትም ድንኳንና ዕቃ እንዲሰጠው ተስማሙ። ገንዘብ ያዡ ሁለት ጊዜ አስልቶ ነው እሺ ያለው። ትክክል አደረገ።

ሰኞ

በጠዋት ባጃጅ ይዤ አዲሱን ጣቢያ ለማየት ሄድኩ። ከከተማው ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ድረስ ባለ ሁለት ሐዲድ ሲሆን ከአዳማ በኋላ አንድ ሐዲድ ይሆናል። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ይሄኛው ሰፋ ያለ፣ ከባድ ጭነት የሚችል ነው። ሕንፃው ትልቅና ንጹሕ ነው። ለአገር የሚጠቅም ሥራ መሆኑን አምናለሁ። ዙሪያውን ሳየው ግን እንቁላል የምትሸጥ ሴት የምትቆምበት ጥላ የለውም፤ ሰፈሩም ሩቅ ነው። የመለሰኝ ባጃጅ ሹፌር አባቱ አሮጌው ጣቢያ ላይ ዕቃ ያወርዱ እንደነበር ነገረኝ። ስማቸውን ሲጠራ ደነገጥኩ፤ ቅዳሜ የገለበጥኩት ስም ነው።

ከሰዓት በፊት የቀሩትን ገጾች ጨረስኩ። መሐል ጣቴ ላይ የብዕር ጠባሳ ወጥቷል። አዲሱ መዝገብ ሰማያዊ ልባጥ አለው። የሁሉም ሰው የመጣበት አገር እንደ ጥቁሩ መዝገብ እንዲጻፍ አክስቴን ለመንኳት፤ ዳኛውን ጠይቃ ተፈቀደ፤ ስድስተኛ ዓምድ አሰመርኩ።

ዕቃዬን ስሸክፍ ከጀርባ ያለችው ተከራይ መጣች። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፤ እጇ ላይ የተጣጠፈ ብር አለ። በሩ ላይ ቆማ «መዝገቡ ተዘጋ እንዴ?» አለች።

«አልተዘጋም፤ ግቢ፣ ተቀመጪ» አለቻት አክስቴ።

ስሟን ጻፍኩ። የቤት ቁጥር ላይ የአክስቴን ቁጥር ጻፍኩና «ጀርባ» ብዬ ጨመርኩ። «የቤተሰብ ብዛት?» ስላት ትንሽ ዘገየች፤ «አንድ» አለች። ሥራዋን ስጠይቃት «ሥራ እንኳ አይባልም፤ ሐዲዱ ላይ ቡና አፈላለሁ» አለችኝ። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። «‹ባቡር ጣቢያ› ብለህ ጻፍላት» አለችኝ። ጻፍኩት። ከዚያ የመጣችበትን አገር ነገረችኝ፤ እሱንም ጻፍኩ፤ ብሩንም አክስቴ ቆጥራ ተቀበለቻት።